ለገበያተኛው ሁሉ የተሠራ ሙችዋ

ይህ ያጋጠመኝ ሚሌኒየሙ በገባበት ዓመት፣ ጥር ላይ ነው። ያኔ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የአንድ የወጣቶች ክበብ አባል ነበርኩ። በክበቡ ከሠራነው ብዙውን ረስቼዋለሁ። ያን ቀን ግን አልረሳውም፤ ለእኩልነት ብዬ ሆዴ እስኪፈነዳ የበላሁት ያኔ ብቻ ነዋ!

ክበባችን ጎጂ ልማድን የሚያወግዝ ድራማ ነበረው። በየገበያው እየዞርን በወላይትኛ እናሳያለን። ጉኑኖ በምትባለው ትንሽ ከተማ ገበያ ያሳየነው ስለ ሸክላ ሠሪዎች ነበር። የአገሩ ሰው ሸክላ ሠሪ በሠራው ድስት ያበስላል፤ ሸክላ ሠሪው ቤት ገብቶ ግን አይበላም። ለምን ሲባል "ከአባቶቻችን የመጣ ነው" ይላል፣ በቃ።

ገበያተኛው ድራማውን ወደደው፤ ሳቀ፣ አጨበጨበ። በመጨረሻ ሊቀመንበራችን ማርቆስ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ "ሰው ሁሉ እኩል ነው! አብረን እንበላለን?" ሲል ሁሉም "እንበላለን!" ብሎ ጮኸ።

ይሄኔ ጥግ ላይ ራሳቸው የሠሩትን ማሰሮ ደርድረው የሚሸጡ አንዲት እናት ተነሱ። ወይዘሮ አመነች ይባላሉ።

"እግዜር ይስጣችሁ" አሉ። "ነገ ልጄን እድራለሁ። እንበላለን ያላችሁ ሁሉ ኑ፤ አበላችኋለሁ።"

አሁን የጮኸው ሁሉ ወደየዕቃው ዞረ። ማርቆስ ደንግጦ "እንመጣለን!" አለ፤ ሌላ ምን ይበል?

በማግስቱ ጠዋት ማርቆስን ሆዱን አመመው። ሌሎቹም አንዱ ለቅሶ፣ አንዱ ፈተና አለብኝ አሉ። ምላስ አጥንት የለውም! ጉኑኖ የደረስነው እኔ፣ ተስፋነሽ የምትባል ጓደኛዬና ከበሮ መቺያችን ብቻ ነበርን።

ዳሱ ግማሹ በዘመድ ተሞልቷል፤ ግማሹ ባዶ ነው። ጎረቤቶቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከአጥሩ ውጭ፣ እንሰቱ ሥር ቆመዋል። "ሳሮ! እንኳን ደስ ያለሽ!" እያሉ በወላይትኛ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ አይገቡም። ወይዘሮ አመነች ግን የገበያውን ጩኸት አምነው በየድስቱ ሙችዋ የሚባለውን የቆጮ ምግብ ሠርተዋል። ቆጮው በቅቤ ተለውሶ ያብረቀርቃል።

"አብሬያቸው አረጀሁ" አሉን ወደ አጥሩ እያዩ ምግቡን ሲያቀርቡ። "ሲያለቅሱ አልቅሻለሁ። ከእጄ የጎረሰ ጎረቤት ግን የለም። ዛሬም ካልገቡ ሁለተኛ አልጠራም።"

ይህን ሰምቶ ማን እምቢ ይላል? በላን። መጀመሪያ ለክብራቸው፣ ቀጥሎ ስለጣፈጠን፣ ከዚያ ግን ማቆም ስላልተፈቀደልን በላን። ሳህኑ ሲጎድል ይሞላል። ተስፋነሽ መቀነቷን ፈታች። ከበሮ መቺው "ማርቆስ ለካ ብልጥ ነው" እያለ ያቃስታል።

እኔ አየር ልቀበል ብዬ ወጣሁ። አጥሩ ጋ አቶ ሻንካ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ቆመዋል።

"ምን ሆንክ ልጄ? ላብ በላብ ሆነሃል።"

እውነቴን ነው፣ ዘዴ አላሰብኩም፤ ጨንቆኝ ነው። "አባቴ፣ በፈጠረዎት ይርዱን! ለገበያው ሁሉ የተሠራ ምግብ ለሦስት ሰው ቀርቦ ልንሞት ነው። እንግዳ በአገራችሁ ሲሞት ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?"

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። "ጉኑኖ ላይ እንግዳ በጥጋብ ሞተ ቢባል ነውሩ የማነው? እኔ የምገባው ለመብላት አይደለም፤ ልጆቹን ላግዝ ነው" አሉ።

ገብተው እጃቸውን ታጠቡ። ወይዘሮ አመነች ሳህኑን ሞልተው አቀረቡ። አቶ ሻንካ በሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ እያጠቀሱ ጎረሱ። 

"እህስ? እንዴት ነው?" አሉ ባለቤታቸው ከአጥሩ ማዶ።

"ገና አልለየልኝም" አሉ አቶ ሻንካ። "እስቲ ጨምሩልኝ።"

ሳቁ ከውጭም ከውስጥም ፈነዳ። ባለቤታቸው "ኧረ ብቻውን ሊጨርሰው ነው!" ብለው ዘው አሉ። ከዚያ አንድ ሁለት እያለ ሁሉም "ልናግዝ ነው፣ ልናግዝ ነው" እያለ ገባ። ቦታ ጠፋና ልጃገረዶቹ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ከበሮ መቺያችንም እንደ ምንም ተነስቶ መታ።

ልማዱ በአንድ ሠርግ ጠፋ ብዬ አልዋሽም። በሌላ ቀን ያገኘኋቸው አንዳንዶች "እኛ እኮ ያገዝነው ነው" ይሉ ነበር። ቢሆንም ስለ እኩልነት ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ፊቴ የሚመጣው የዚያ ቀን መጨረሻ ነው፤ ባስታወስኩት ቁጥርም ደስታው አዲስ ይሆንብኛል።

ድስቶቹ ተጠርገው ካለቁ በኋላ አንዲት ጎረቤት ከገበያ እየሮጠች ደረሰች። ባዶውን ድስት ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በወይዘሮ አመነች ላይ ጮኸች፦

"ምነው አመነች፣ እኔ ጎረቤትሽ አይደለሁም? ለእኔ ሳታስቀሪ?"

ወይዘሮ አመነች አቅፈዋት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንደዚያ ተጮኾባቸው እንደዚያ የተደሰቱ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።