ሱልጣና ያልወጣችበት በር

ስሙኝማ፣ ይቺን ሳልነግራችሁ ብቀር ታንቀኛለች።

ሱልጣና የደሴ ልጅ ናት። እዚህ ቬጋስ፣ ካዚኖዎቹ የተደረደሩበት ስትሪፕ የሚሉት ጎዳና ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሆቴል ክፍል አጽድታለች። ኮሮና መጥቶ ከሥራ ስትቀነስ፣ አፓርታማዋ ውስጥ እንደታሸገች ዓመት ከምናምን ከረመች። በፈረንጆቹ 2021 ጁን ላይ ነው "ሰኞ ተመለሺ" ብለው የደወሉላት። ቅዳሜውን ልጇ ማርዋ "እማ፣ ፕሊስ፣ ቲያትራችን ላይ ሰው ጎደለን" ብላ እየጎተተች አርትስ ዲስትሪክት የሚባለው የአርቲስቶች ሰፈር ወሰደቻት።

ቲያትሩ የተጻፈ ነገር የለውም፤ እዚያው እየፈጠሩ ነው። ታሪኩ የድሮው ቬጋስ ነው። ያኔ ጥቁር ዘፋኝ ካዚኖ ውስጥ ዘፍኖ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናግቶለት፣ ሲጨርስ በዋናው በር መውጣት ክልክል ነበር። ቲያትሩን የሚያሳዩበት ፓርኪንግ አስፋልት ላይ በቴፕ ሁለት በር ሠርተዋል፤ አንዱ ዋናው፣ አንዱ ቆሻሻ መጣያው ጋ ያለው የጓሮው። ሱልጣና ዘፋኟ፣ ሆቴል የእንግዳ መኪና ፓርክ የሚያደርገው ተማም ደግሞ ነጩ ዘበኛ። ሕጉ አንድ ነው፤ ዘፋኟ በዋናው በር ካልወጣች ቲያትሩ አያልቅም።

ተጀመረ። ተማም ገና አፉን ሳይከፍት ሱልጣና በጓሮው እልም!

ሰው በማስኩ ውስጥ ተንከተከተ። ማርዋ "እማ፣ ኖ! ማን ሂጂ አለሽ?" ብላ ጮኸች።

"ውይ፣ እግሬ እኮ ነው!" አለች ሱልጣና፣ እሷም እየሳቀች።

እንደገና። ተማም ደረቱን ነፋና "በዚህ አይወጣም!" አለ።

"ለምን?" አለች። ጎሽ!

"ሱፐርቫይዘር ልጥራ?"

ይሄኔ ወገቧ ጎበጥ አለ። "እሺ በቃ፣ ይቅርታ" ብላ ወደ ጓሮ። አሁን የሳቀ የለም፤ እሷም አልሳቀችም። ለካ አሥራ ሰባት ዓመት በሠራተኛ መግቢያ ገብታ በዚያው ስትወጣ፣ የሆቴሉን ዋና በር አንድ ቀን እንኳን አልረገጠችውም። ሰኞ ደግሞ ተመልሳ ልትገባ ነው። "ዛሬ የቴፕ በር ካቃተኝ፣ መቼ ልወጣ ነው?" አለች በልቧ።

ሦስተኛ ሙከራ።

"በጓሮ!"

"አልሄድም።"

"ሱፐርቫይዘር..."

"ጥራ!"

ግን እግሯ ወደ ፊት መራመድም እምቢ አለ። ቴፑ ጋ ደርሳ ተገተረች። አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ተማም ላብ በላብ ሆኖ ጠጋ አለና "እትዬ ሱልጣና፣ በአላህ፣ ይለፉ በቃ" አላት በሹክሹክታ።

"አንተ እለፊ ስላልከኝ ነው የማልፈው?" አለችና በሩ መሃል አስፋልቱ ላይ ቁጭ! ወጣች እንዳይባል አልወጣች፣ ተመለሰች እንዳይባል አልተመለሰች። ቲያትሩ ሳያልቅ ሰዉ ወንበሩን እያጠፈ ሄደ።

ሰኞ ማርዋ በመኪና አደረሰቻት። በየት ገባች ብትሉኝ፣ በዚያው በጓሮው የሠራተኛ መግቢያ። ግን በሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላዋ የተሰለፉት "እትዬ፣ ምን ሆኑ?" እስኪሏት ንቅንቅ አላለችም፤ ማርዋ በመኪናው መስኮት እያየቻት።

እስቲ ንገሩኝ፣ የእናንተስ እግር ማንም ሳያዘው የሚሄድበት በር የትኛው ነው?