የመሸኛዬ ሽመል

ግራ ጆሮዬ እንደማይሰማ ከእናቴና ከአንድ ጓደኛዬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ልጆች ሳለን ክረምት በገባ ቁጥር ጎሊና ወንዝ እየዘለልን ስንገባ ውሃ ገባበትና መግል ያዘ። እናቴ የጤና አዳም ጭማቂ ጠብ ጠብ አደረገችበት፤ ሕመሙ ጠፋ፣ መስማቱም አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰው በግራዬ ከሆነ ዞር ብዬ ወደ ቀኜ አመጣዋለሁ። ክፍል ውስጥ በግራ በኩል ካለው ግድግዳ ተጠግቼ እቀመጥ ነበር። መምህሮቼ ከኋላዬ ሲጠሩኝ ዝም ስለምል ትዕቢተኛ ይሉኛል፤ እኔም ደንቆሮ ከመባል ትዕቢተኛ መባሉ ይሻለኛል ብዬ ተውኋቸው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ ለእኔም ለጓደኛዬም ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም። እሱ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ አብረን አደግን፣ አብረን ዋኘን፣ አብረን ወደቅን። ቆቦ ላይ ውጤት ያልመጣለት ወጣት የሚውልበት ቦታ ይታወቃል፤ መንገድ ዳር ቆሞ የሌላ ሰው ባጃጅ ሲያልፍ መቁጠር ነው። አንድ ወር እንደዚያ ከቆጠርን በኋላ ቀበሌ ሄደን ለመከላከያ ተመዘገብን። ወታደር ለመሆን የፈለግሁት ለአገር ፍቅር ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። የሚፈልገኝ ሰው እፈልግ ነበር። ጠዋት ስነሳ እንዲህ አድርግ የሚለኝ፣ ስቀር ደግሞ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ።

ስህተቱን የሠራው ሰፈሩ በሙሉ ነው። ስማችን ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሰው ሁሉ እንደ ተቀጠርን ቆጠረው። ወልዲያ ላይ የጤና ምርመራ እንደሚጠብቀን አውቅ ነበር፤ አፌን ግን አልከፈትሁም። በማግስቱ ሁለት ፍየል ታረደ፤ አንዱ እኛ ቤት ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ጓደኛዬ ቤት ለሙስሊሙ። ምርቃቱ ግን አንድ ላይ ነበር፤ በእኛ ሰፈር ምርቃት ለሁለት አይከፈልም። መራቂው የጓደኛዬ አባት ናቸው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ማን ማሳ ይጠለፍ የሚለውን የሚዳኙ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው፣ «ለአገር ደራሽ ያርጋችሁ፤ አትለያዩ፤ በተጠራችሁበት የማትታጡ ሁኑ» አሉ፤ ሰዉ አሚን አለ። ከዚያ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ሽመል ሰጡን፤ የወይራ ነው፣ ቅቤ ጠጥቶ የሚያብለጨልጭ። እኛ ዘንድ ረጅም መንገድ የሚሄድ ወንድ ባዶ እጁን አይሸኝም። ወታደር ሽመል ይዞ ማሰልጠኛ እንደማይገባ ያን ቀን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ወልዲያ ላይ ከወገብ በላይ ተራቁተን ተሰለፍን። ቁመት፣ ክብደት፣ ዓይን፣ ጥርስ፤ ሁሉንም አለፍሁ። ጆሮ ላይ ስደርስ ሐኪሙ ከኋላዬ ቆሞ ቀኝ ጆሮዬን በመዳፉ ደፈነው። ከእኔ በፊት የነበሩትን ቁጥር ሲያስደግማቸው ስለ ሰማሁ፣ ጸጥታው ትንሽ ሲረዝምብኝ በልበ ሙሉነት «ሃያ ሰባት» አልሁ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሙ የጠየቀኝ የአባቴን ስም ኖሯል።

እሱ ራሱ ግን አልሳቀም። ጆሮዬን በመብራት አየልኝና ታምቡሩ ከተቀደደ ብዙ ዓመት ሆኖታል አለኝ። ወረቀቱ ላይ «ብቁ አይደለም» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። አገር የሚገለገለው በጠመንጃ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሌላም ብዙ ሥራ እንዳለ መከረኝ። ደህና ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጥርሱን ባረግፍለት ደስ ባለኝ። ጓደኛዬ አለፈ። አውቶቡስ ሊሳፈር ሲል ሽመል ይዞ መግባት ክልክል ነው ተባለና የሱንም ለእኔ ሰጠኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ገባ። አትለያዩ በተባልን በሦስተኛው ቀን ሁለት ሽመል ይዤ መናኸሪያ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ።

የታረደልኝን ፍየል ሥጋ ከጥርሱ ፍቆ ያልጨረሰ ሰፈር ውስጥ በምን ዓይኔ ልግባ? ሚኒባሱ ጎብዬ ሲደርስ ወራጅ አልሁ። አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥሁ። ባለቤቷ ሁለቱን ሽመል አይታ ጓደኛህ የት ሄደ ብላ ጠየቀችኝ። የሻዩን ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ሌላ መኪና ያዝሁና ቆቦን አንገቴን ደፍቼ አልፌ ዋጃ አክስቴ ቤት ገባሁ።

አክስቴ ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ አላዘነችልኝም። «የደነቆረው ጆሮህ ነው፤ እጅህ ምን ሁኖ ነው?» አለችና ወንጭፍ አስጨብጣ ማሽላው መሐል ካለው ማማ ላይ ሰቀለችኝ። ግሪሳ ወፍ የሚወርድበት ጊዜ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጮህሁ፣ ወነጨፍሁ፣ ተናደድሁ። ወፉ ከግራዬ ሲመጣ ስለማልሰማው ቀኑን ሙሉ ስዞር እውል ነበር። ማሽላው ሲታጨድ አክስቴ ከዚህ በኋላ የምትጠብቀው ወፍ የለም፣ ወደ ቤትህ ሂድ አለችኝ። እናቴን አልፈራኋትም፤ እናት ልጇ ምንም ሆኖ ቢመለስ መመለሱ ይበቃታል። የፈራሁት የጓደኛዬን አባት ነው።

ገና ሰፈር ስደርስ አንዱ ጎረቤት በል ፍየሏን መልስ ብሎ ቀለደብኝ። ስቄ አለፍሁት። ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄድሁ። አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጆሮዬን፣ ሃያ ሰባትን፣ ልጃቸው ብቻውን መሄዱን። ምርቃቱ ያለ ቦታው እንደ ወጣ፣ ሽመሉንም መልሰው እንዲወስዱት ለመንኋቸው። የልጃቸው ብቻውን መሄድ ሲነሳ ፊታቸው ጠቆረ፤ ገመዱን መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያ ተነስተው የልጃቸውን ሽመል ተቀበሉኝና ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። የእኔን ግን በእጃቸው አልነኩትም።

«ይኸ ያንተ ነው» አሉ። «ምርቃት ከወጣ አይመለስም። አብሽር፣ ልጄ። ሥራ ስጠው።»

አብሽር ማለታቸው አይዞህ ነው፤ እሱስ ደግ። ሥራ ስጠው ያሉት ግን እስከ ቤቴ ድረስ ከነከነኝ። እኔ ራሴ ሥራ የለኝም፤ ለዱላ ከየት አመጣለታለሁ?

ከጥቂት ቀን በኋላ እናቴ መታወቂያ ልታሳድስ ስትሄድ ተከትያት ቀበሌ ሄድሁ። ሰልፉ ከበሩ እስከ ኒም ዛፉ ይደርሳል። ከፊታችን የቆሙ አዛውንት ፎርሙን ገልብጠው ይዘውት ነበር። ወደ ቀኜ አምጥቻቸው እየጠየቅሁ ሞላሁላቸው። ቀጥላ ያለችው ሴትዮ ለእኔም አለች። ቀትር ላይ የእናቴ ጉዳይ አልቆ እኔ ግን የራሴ ሰልፍ ነበረኝ። ከቆላ የወጡ አርብቶ አደሮች፣ ትግርኛ ጣል እያደረጉ የሚያወሩ ነጋዴዎች፣ የልጃቸውን ዕድሜ ትልቁ ጎርፍ ከመጣበት ዓመት ጀምረው የሚቆጥሩ አባቶች። ሁሉም ወንድሜ፣ ልጄ እያሉ ይጠሩኛል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ በመስኮት ሲያየኝ ቆይቶ ወጣና ይህን ሥራ ተምረህ ብትመጣ መንግሥት ይቀጥርህ ነበር አለኝ። ለቀልድ የተናገረው ነው። እኔ ግን በማግስቱ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ በር ላይ ነበርሁ።

ሁለት ዓመት የመዝገብ አያያዝ ተማርሁ፤ የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን፣ አለፍሁ። ለወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ክፍት ቦታ ሲወጣ ተወዳደርሁና አንደኛ ወጣሁ። ደስታዬ ግን አንድ ቀን አልሞላም። የቅጥር ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት የጤና ምርመራ ውጤት አምጣ ተባልሁ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስሁ። በሦስተኛው ገባሁና ነርሷ ገና ስሜን ሳትጠይቀኝ ግራ ጆሮዬ አይሰማም፣ ከዚህ በፊትም ወድቄበታለሁ አልኋት። ሥራው ምንድን ነው አለችኝ። ልደትና ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ መመዝገብ ነው አልኋት። «ታዲያ ለዚህ ሁለት ጆሮ ምን ይሠራል? ያለህን በደንብ ተጠቀምበት» አለችና «ለሥራው ብቁ ነው» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁና ከአጥሩ ጥግ ቆሜ አለቀስሁ። ስናገረው አላፍርም።

ቢሮዬ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሳጥንና አራት ትልልቅ መዝገቦች ነው። የመስኮቱ መዝጊያ ነፋስ በነካው ቁጥር እየተላተመ አላሠራ ስላለኝ ሽመሉን ከቤት አምጥቼ ደገፍሁት። ጠረጴዛው የተቀመጠው ባለጉዳይ በግራዬ በሚሆንበት አኳኋን ነው፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሌላ አቀማመጥ የለውም። ስለዚህ ሰው በገባ ቁጥር ተነስቼ እዞርና በስተግራው እቀመጣለሁ፤ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጠይቃለሁ። የቢሮው ኃላፊ መጀመሪያ ባለጉዳይ ነው እንጂ ወደ ሠራተኛ የሚመጣው፣ ሠራተኛ እንዴት ከወንበሩ ይነሳል ብሎ ተቆጣኝ። ሰዉ ግን ሌላ ነገር መሰለው። ያ ተነስቶ የሚቀበለው ልጅ አለ ወይ እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ትሕትና መስሏቸው ነው። እኔም አላረምኋቸውም፤ ትዕቢተኛ ስባል የኖርሁትን ያካክስልኝ።

ጓደኛዬ አልፎ አልፎ ይደውል ነበር። ሃያ ሰባት እያለ ነው የሚጠራኝ። ከዚያ አገሩ ታመሰና ስልክ ጠፋ። የሞት መዝገብም የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው። በዚያ ሰሞን መዝገቡን ለሌላ ሰው በከፈትሁት ቁጥር የሚቀጥለውን ባዶ ገጽ ማየት እፈራ ነበር። አባቱን ከሩቅ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ስልኩ ሲመለስ ደወለ፤ በዕረፍት መጣና አገባ። ሰርጉ ላይ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ጨፈርሁ። እሱ ተመልሶ ሲሄድ ግን ፍርሃቱም ተመለሰ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ቀና ስል አባቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ቢሮዬ መጥተው አያውቁም። የጓደኛዬን ድምፅ ከሰማሁ ደግሞ ከወር በላይ ሆኖኛል። ተነሳሁ። ዓይኔ አራቱ መዝገቦች ላይ ሄደ፤ የትኛውን እንደማወርድ አላወቅሁም። ያን ጊዜ ምራታቸው ከኋላቸው ገባች። ለመውለድ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር፤ ሕፃን ታቅፋለች። የልደቱን መዝገብ አወረድሁ።

ሽማግሌው የሕፃኑ አባት ካልመጣ ልጁ አይመዘገብም የሚል ወሬ ሰምተው ተጨንቀዋል። እናቱ ካለች ይበቃል አልኋቸውና ዞሬ በግራቸው ተቀመጥሁ። ስለ ልጃቸው ጠየቅሁ። ትናንት እንደ ደወለ፣ ሃያ ሰባት ዘንድ ሂዱ ያላቸውም እሱ እንደሆነ ነገሩኝ። የሕፃኑን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ የእናቱን ስም ጻፍሁ። የአባት ሥራ የሚለው ላይ ስደርስ «ወታደር» ብዬ ሞላሁ። ያን ቃል በራሴ ስም አጠገብ ለማየት ስንት ዓመት ተመኝቼ ነበር። በእሱ ስም አጠገብ በእጄ ስጽፈው ደስ አለኝ፤ ቅናት ይኖርበት ይሆን ብዬ ውስጤን ፈለግሁት፣ የለም።

ሽማግሌው በዚህ መሐል መስኮቱን ያያሉ። ሽመላቸውን አወቁት።

«ሥራ ይዟል» አሉ።

«ይዟል፣ አባባ» አልኋቸው።

ምራታቸው ሕፃኑን ይዛ ስትወጣ ወደ ወንበሬ ተመልሼ ቀጣዩን ሰው ልጠራ ስል እሳቸው ከበሩ ዞረው መጡ። ደጅ የተሰለፈው ሰው እንዳይሰማቸው ጎንበስ አሉና ጢማቸው ጉንጬን እስኪነካኝ ተጠግተው በጆሮዬ አንሾካሾኩ። በግራው ነው። ረዘም ያለ ነገር ነበር፤ ትንፋሻቸው ይሞቀኛል፣ ቃሉ ግን አንድም አልደረሰኝም። ይድገሙልኝ ልል ነበር። ቀና ስል እጃቸው እንደ መሸኛችን ቀን ለምርቃት ተዘርግቷል።

«አሚን» አልሁ። በዚያ ጆሮ ለተነገረኝ ስመልስ እንደ ሃያ ሰባቱ አልተሳሳትሁም።