ዊንዶውስ የማይገባበት ቤት

በዚያ ሰፈር ኮምፒውተር የሚገጥም ሰው ሞልቷል። «ገጣጣሚዋ» ከተባለ ግን አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ከፎቁ ደረጃ ሥር ያለችው፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው፣ ካቻቢቴዋን ጸጉሯ ውስጥ የምትሰካው ሴትዮ። ሱቋ ጠባብ ናት። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። መደርደሪያዋ ላይ ማዘርቦርዱ ለብቻ፣ ራሙ ለብቻ፣ ማቀዝቀዣው ለብቻ ተደርድሯል፤ ዓይኗን ጨፍና እጇን ብትልክ የፈለገችውን ታነሳለች።

ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር ግጠሚልኝ ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ ክርክር አለበት። እሱ ስለ ግራፊክስ ካርድ ሲያወራ እሷ ስለ ፓወር ሰፕላይ ትጠይቀዋለች። «ካርዱስ ይሁን፤ የሚያበላው ማነው?» ትላለች። «ትልቅ ካርድ በማይረባ ፓወር ሰፕላይ ላይ ጭነህ፣ አንድ ቀን ጭስ ጭስ ሲልህ ‹ገጣጣሚዋ ናት› ልትል ነው? በኔ ስም? አይደረግም!» የሚያብረቀርቅ ባለ ቀለም መብራት ይግባልኝ የሚል ከመጣማ ጉድ ፈላ። «መብራት ከፈለግህ አምፖል የሚሸጠው ማዶ ነው» ብላ በሩን ታሳየዋለች። ሰውየው እየተነጫነጨ ይሄዳል፤ እዚያው ቀን ተመልሶ ይመጣል። ምን ያድርግ? የሷ እጅ ሌላ ነው። ሽቦው ሁሉ ከኋላ ዞሮ፣ ታስሮ፣ ተደብቆ፣ ሣጥኑን ከፍተህ ስታየው ልብስ በወጉ የታጠፈበት ቁም ሣጥን ይመስላል። በጥፋቷ ተበላሽቶ የተመለሰ ማሽን እስከ ዛሬ የለም። ይህንንም ራሷ ትናገራለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ጉረኛ ናት የሚሏት አሉ። ይበሏት! ሠርቶ የጎረረና ሳይሠራ የጎረረ አንድ ነው እንዴ?

ሁለተኛው ክርክር ኮምፒውተሩ ላይ የትኛው ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ይጫን የሚለው ነው። እሷ የሊኑክስ ሰው ናት፤ ያውም የማትለዝብ። «ሊኑክስ ማለት» ትላለች ካቻቢቴዋን ከጸጉሯ መዝዛ እያወዛወዘች፣ «በገዛ ቤትህ ስትኖር ነው፤ ቁልፉም ኪስህ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ አከራይህ ነው። ሲያሻው ይገባል፣ ዕቃህን ያዘዋውራል፣ ‹ላድስ ነው፣ አንዴ ጠብቅ› ብሎ በር ላይ ያቆምሃል።» «ማክ ኮምፒውተርስ?» ያላት ሰው እንደሆነ፣ «እሱ ቆንጆ ነው፣ አይካድም። ብሎኑን ልፍታ ስትለው ግን ይኮሳተርብሃል፤ እኔ ደግሞ የማይፈታ ነገር አልወድም» ትላለች። ለደንበኛ የጠየቀውን ትጭናለች፤ ሥራ ሥራ ነው። «ቤቴ ግን ዊንዶውስ እግሩን አያስገባም!» ይህን ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም። ከጎኗ ስልክ የሚጠግነው ወጣት፣ ባለ ሞባይሉ፣ በዚህ ሲያበሽቃት ነው የሚውለው።

«እትዬ፣ ትናንት ዊንዶውስ በርዎ ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ አየሁት።»

«ታዲያ ምን አልከው?»

«አጉል አትድከም፣ አይከፍቱልህም አልኩት።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ!»

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጓደኞቹ «ፍሬን» ይሉታል። ሌላው ሾፌር ቁልቁለት ሲያይ ደስ ይለዋል፤ እሱ ማርሽ ይቀንሳል። በዚህ ሲሳቅበት ኖረ። ግን መንጃ ፈቃዱ ላይ አንዲት ቅጣት ሳታርፍበት፣ ሰው ሳይጎዳ፣ የሰው ዕቃ ሳያጎድል ጡረታ ወጣ። እሷ ስለ እጇ እንደምትጎርረው እሱ በአፉ አይናገርም እንጂ ኩራቱ ይህች ናት። ለመንገድ ሲነሳ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ሥራ ሄጃለሁ» ይል ነበር። እሷም ካለችበት ሆና «በሰላም ግባ» ትለው ነበር። ሌላ መሰነባበቻ አልነበራቸውም።

ጡረታ ያስወጣው የግራ ጉልበቱ ነው፤ ከዳው። ፍሪሲዮን መርገጥ ያቃተው ሾፌር ምን ይሠራል? ቤት ዋለ። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ በመንገዱ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ እየለየ፣ «ይሄ ሰውዬ ማርሹን እያንገጫገጨ ሊጨርሰው ነው» እያለ ለብቻው ያጉረመርማል። እሷ ይህን ማየት አንጀቷን በላት። በሕይወቷ ጌም ተጫውታ አታውቅም፤ ግን ጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም እንዳለ ከደንበኞቿ ሰምታለች። ገጠመችለት። እንዴት አድርጋ! ከመደርደሪያዋ ምርጥ ምርጡን አወረደች። የእናቷን የስፌት መኪና ጠረጴዛ አምጥታ የጌም መሪ በብሎን አሰረችበት። ነዳጁንና ፍሬኑን በቀኝ እግሩ ይረግጣል፤ ፍሪሲዮኑን ግን ከአሮጌ ጃንጥላ እጀታ በእጅ የሚሳብ ዘንግ አድርጋ ራሷ ሠራችው። «በዚህ ዕድሜዬ አሻንጉሊት?» አለ መጀመሪያ። ከዚያ ተቀመጠ። ዘንጉን ሳበ፣ ማርሽ አስገባ፣ መስተዋቱን አየ፣ መንዳት ጀመረ። ምሳ ቀርቧል ሲባል አልሰማም።

እሱ ይዞት ጓደኞቹ ሊቀሩ ነው? ጡረታ የወጡት ሾፌሮች ሁሉ በየቤታቸው ጀመሩት። ከሱቋ ማዶ ያለው የጌም ክበብም ውድድር አዘጋጀላቸው፤ በየቤታቸው ሆነው ይጣራሉ፣ ያለፉት ማሽናቸውን ይዘው ክበቡ አዳራሽ ይወዳደራሉ። ፍሬን ስሙን አስመዘገበ። ሸሚዙን ራሱ መተኮስ ጀመረ፤ ከመስኮቱ ሥርም ተነሳ።

ችግሩ ጌሙ ነበር። የውድድሩ ጌም የራሱ ዘበኛ አለው፤ የሚያጭበረብር እንዳይኖር ኮምፒውተሩን የሚፈትሽ ፕሮግራም ማለት ነው። ዘበኛው ለብቻው ለሚጫወት ግድ የለውም፤ ወደ ውድድር ግን ዊንዶውስ ካላየ አያስገባም።

«እንግዲህ ትጭኚልኛለሽ» አላት ባሏ።

«ዘንጉ በዊንዶውስ አይሠራም።»

«ሞክረሽዋል?»

«የሠራሁትን አላውቅም እንዴ?»

አልሞከረችውም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ባለ ሞባይሉን ፈርታ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የደነፋችው ሴትዮ አሁን በገዛ እጇ ዊንዶውስ ቤቷ ልትጭን? ሞቷን መረጠች። መላ አታጣምና እዚያው ሊኑክስ ውስጥ ኮምፒውተር የሚመስል ሣጥን በፕሮግራም ሠርታ ዊንዶውስን እዚያ ቆለፈችበት፤ ዘንጉንም በሊኑክሱ በኩል አገናኘችው። «ቤት አልገባም፤ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው» ብላ ራሷን አሳመነች። ዘበኛው እንዲህ ያለ ሣጥን እንደማይወድ ታውቃለች፤ ስለዚህ ሣጥን መሆኑ እንዳይታወቅ አድርጋ ደበቀችው። ለባሏ «ተስተካክሏል» ብቻ አለችው። ሠራ! ያን ሳምንት ሱቋ ውስጥ ስታፏጭ ሰነበተች።

ዘበኛው ግን እንደ ባሏ የዋህ አልነበረም። ማጣሪያው መሀል ላይ፣ ፍሬን ዳገቱን በእርጋታ ሲወጣ፣ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይህ ተወዳዳሪ በማጭበርበር ታግዷል።» እሱ ዘንድ ብቻ ቢወጣ ምን ነበረበት! ሁሉም ሾፌር ስክሪን ላይ ከነሙሉ ስሙ ነው የወጣው።

ቤት ስትገባ መሪውን ፈትቶ፣ ብሎኖቹን ስኒ ውስጥ ሰብስቦ፣ ጠረጴዛውን አንሶላ አልብሶት አገኘችው።

«ምን ሆነሃል?»

«አጭበርባሪ ተባልኩ» አለ።

አልጮኸም። ቢጮህ በተሻላት ነበር። በማግስቱ ጓደኞቹ ዘንድ ሻይ ቤት ሄደ፤ ሲገባ ወሬያቸውን አቋረጡ። ሻዩን ሳይጨርስ ተመልሶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። መኪኖቹ ያልፋሉ፤ እሱ ግን በድምፃቸው መለየቱንም ተወው።

ገጣጣሚዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለችው፣ ሁሉንም ዘርዝራ ከነገረችው በኋላ። «እንደሚያስጠረጥር አውቄ ነው የደበቅኩት። ባንተ ላይ ይመጣል አላልኩም። እጄን ይቁረጠው።»

ዞሮ አያት። «ይህን ሁሉ ለአንድ ቃልሽ?»

«ለአንድ ቃሌ።»

«ለኔ መንገርሽ ደግ አደረግሽ» አለ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ። «እነሱ ግን አልሰሙሽም።»

ነገሩ ገባት። ማሽኑን በጋቢ እንደተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋ መንገዱን ተሻገረችና ክበቡ ገባች። ኃላፊው ነገሩን ሰምቶ ራሱን አከከ።

«እትዬ፣ እኔስ አምንዎታለሁ። ሣጥኑንም እያሳዩኝ ነው። ግን እግዱን አንስቼ ባለቤትዎን ላሳልፍ የምችለው ተወዳዳሪዎቹ ከተስማሙ ነው። የውድድሩ ዕለት እርስዎ በሁሉም ፊት ይናገራሉ። ማሽኑም እዚያው በሰው ፊት ይጸዳል፤ ዊንዶውስ ይጫንበታል፤ ያለ ሣጥን።»

«በሁሉም ፊት?»

«በሁሉም ፊት።»

«ይሁን» አለች፤ ይሁን ማለት እንዲህ ከብዷት አያውቅም።

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሾፌሮቹ ከነማሽናቸው ተደርድረዋል፤ የሰፈሩ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ባለ ሞባይሉም ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ፍሬን በተተኮሰው ሸሚዙ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ና ስላለችው ነው የመጣው፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ኃላፊው ማይኩን ሰጣት።

«ታውቁኛላችሁ» አለች። «ቤቴ ዊንዶውስ አይገባም እያልኩ ስደነፋ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ያን ድንፋታዬን ላለማጠፍ ብዬ ዘበኛውን ያታለልኩት እኔ ነኝ። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። በሱ ስም የተጻፈው የኔ ሥራ ነው። አጭበርባሪ የምትሉት ካላችሁ፣ አጭበርባሪዋ ይቻትላችሁ።»

ከፊት ረድፍ አንድ ወፍራም ሾፌር፣ ከባሏ ጋር ስንት መንገድ የነዳ፣ ጭኑን በጥፊ መታ።

«እኔም እኮ ግራ ገብቶኝ ነበር! ይሄ ሰውዬ ኤሊ ለመቅደም እንኳ ፍሬቻ የሚያሳይ ሰው! እንዴት አድርጎ ነው የሚያጭበረብረው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የተቃወመ አልነበረም። ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ ፍሬን ነው፤ ዓይኑን በእጁ እየጠረገ። ወፍራሙ ሾፌር ተነስቶ ሄዶ ትከሻውን አቅፎ ከወንበሩ አስነሳው።

አሁን የቀረው ዊንዶውስ ነበር። ባለ ሞባይሉ የመጫኛውን ፍላሽ ይዞ ቀረባት። ሊያበሽቃት ቃጣው፤ ፊቷን አየና ተወው። «ይኸው፣ እትዬ» ብሎ ፍላሹን መዳፏ ላይ አኖረላት። ሰዉ ሁሉ እያያት ሣጥኗን አጠፋች፤ ዊንዶውስን በገዛ እጇ ጫነች። ሲያልቅ የጃንጥላ እጀታውን ሰካችና ሳብ አደረገችው። አይሠራም ያለችው ዘንግ ወዲያው ሠራ።

«ሠራ እኮ» አለች፣ ቅር እያላት።

ውድድሩ ተጀመረ። ዳገቱ ላይ ሁሉም ቀደሙት። ተራራው አናት ላይ ዝናብ ጣለ፤ ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ሾፌሮቹ እንደ ልማዳቸው በፈንጠዝያ ለቀቁት። አንዱ ኩርባው ላይ ከነተሳቢው ተጋደመ፤ ሌላው ተንሸራቶ ተገለበጠ፤ ወፍራሙ ሾፌር ገደል ገብቶ «ወይ እናቴ!» ሲል አዳራሹን አናጋው። ፍሬን ዘንጉን ሳበ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ ዘንጉን ለቀቀ። በእርጋታ እያንዳንዱን ተራ በተራ አለፈ። «ፍሬን! ፍሬን!» ይላል አዳራሹ። ድሮ ሲሳቅበት የኖረው ስም አሁን ይጨበጨብለት ጀመር። አንድ መኪና ብቻ ሲቀረው መንገዱ አለቀ። ሁለተኛ ወጣ፤ ጭነቱ ምንም ሳይጎድል፣ ስሙም በነጭ ተጽፎ።

ኃላፊው ማይኩን አስጠጋለት። «ጋሼ፣ ማሽኑ የማነው?»

«የሚስቴ ነው» አለ ፍሬን፤ ለወትሮው ድምፁ የማይሰማው ሰውዬ አዳራሹ እስኪሰማ። «እያንዳንዷ ሽቦ የሷ ናት። ከፍታችሁ እዩት! እኔ የያዝኩት መሪውን ብቻ ነው።»

ገጣጣሚዋ ያን ጊዜ አለቀሰች። ኀፍረት አልነበረም፤ ኩራቱ አላስቀምጥ ብሏት ነው።

ቤት ሲመለሱ ብሎኖቹን ከስኒው አውጥቶ መሪውን አሰረ። እሷ ሊኑክሷን መልሳ ስትጭን ዊንዶውሱን ልታጠፋ ጣቷን አነሳችና ተወችው። አንድ ጥግ ለቀቀችለት፤ ለብቻው፣ በሩን ዘግታ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛው ይከፈት ብሎ እንዲጠይቅ አደረገችና የሁለቱን ስም ቀየረችው። በላይኛው መስመር «ቤት» ብላ ጻፈች፤ በታችኛው ደግሞ «ሥራ»።

ጠዋት ፍሬን ሸሚዙን ተኩሶ መጣና ኮምፒውተሩን አበራ። ስክሪኑን አነበበ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ታችኛውን ተጫነው።

«ሥራ ሄጃለሁ» አለ።

እሷ ለሱቋ ጫማዋን እያሰረች ነበር። «በሰላም ግባ» አለችው።