ጭረት የሌለው ሸክላ

እናትየው ቀኝ እግሯን ከወለሉ አንስታ ጠበቀች።

ሸክላው ማጫወቻው ላይ ይዞራል። ዘፋኟ “በመስኮቱ አየሁት ሲያልፍ” አለችና ወደሚቀጥለው ስንኝ ተሻገረች። እግሯ አልወረደም። ነጠላ ጫማው ከተረከዟ ተላቆ አውራ ጣቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ልጇ ሾርባ የሞላ ማንኪያ እንደያዘ እግሯን ያያል። ታናሽ እህቱ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ኮቷን እንኳ አላወለቀችም።

ዘፈኑ አልቆ መርፌው ባዶውን መስመር መፋቅ ሲጀምር እናትየው እግሯን ቀስ ብላ አወረደች። አንድ ደረጃ የቀረው መስሎት ረግጦ እንዳጣው ሰው ወለሉን በጣቶቿ ዳሰሰችው። ማንኪያው ሲቀርብ ከንፈሯን ገጠመች።

«እስቲ ድገመው፣ ጋሼ» አለች እህትየው።

ደገመው። እግሯ ተነሳ፣ ተንጠለጠለ፣ ወረደ። አፏ አልተከፈተም።

«ያው ዘፈን ነው እኮ! ያቺው ዘፋኝ፣ ያው ሽፋን፣ ቀይ ቀሚሷ ሳይቀር። አንድ ጭረት የለውም። የሰጠኝ ሰውዬ መብራት ላይ እያገላበጠ ነው ያሳየኝ።»

«ችግሩ እሱ ነው» አለ ወንድሟ።

በሙያው ቶርኖ ሠራተኛ ነው። የሚሽከረከር ብረት ላይ ስለት አስጠግቶ ለተሰበረ ማሽን ጥርስና ዘንግ ሲቀርጽ ኖሯል። ሰፈሩ ጋሽ ቶርኖ ይለዋል። ሚስት አላገባም፤ ያገባው ሸክላ ነው እያሉ ያሙታል። ሸክላዎቹ ራሱ በበየደው የብረት መደርደሪያ ላይ፣ እያንዳንዳቸው ላስቲክ ለብሰው፣ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ይዘዋል። ሲያወጣቸው በጠርዛቸው ብቻ ነው የሚይዛቸው። እንግዳ ሊነካ ከፈለገ መጀመሪያ እጁን ይታጠባል። ማዋስ የሚባል ነገር በዚያ ቤት አይታወቅም።

«ጋሼን ኩላሊት ብትለምኚው ይሻልሻል» ይላት ነበር የእህቱ ባል። «ኩላሊት እንኳ ሁለት አለው።»

ከሁሉም የሚሳሳው ለዋናው፣ ለድሮው የመስኮቱ ሸክላ ነበር። የወላጆቹ ነው። አባቱ አዲስ ሙሽራ ሳለ ሚስቱን ሊያስደንስ ሲያሽከረክራት ክርኗ መርፌውን መታውና ሸክላው ተጫረ። ከዚያ ወዲህ መርፌው እዚያ ቦታ ሲደርስ ይቀረቀራል። “በመስኮቱ፣ በመስኮቱ፣ በመስኮቱ” እያለ ይቆያል፣ አንድ ሰው ወለሉን እስኪረግጥለት። ቤቱ ፎቅ ነው፣ ወለሉ ጣውላ። ሲረገጥ ማጫወቻው ነጠር ይልና መርፌው ይሻገራል።

ረጋጯ ሁልጊዜ እናትየው ነበረች። «በክርኔ ያጠፋሁትን በእግሬ ልካስ» ትል ነበር። ዕቃ እያጠበች ቢሆን እንኳ እጇ አረፋ እንደሆነ ከኩሽና ትመጣለች፤ ረግጣ ትመለሳለች። ልጆቹም ዘፈኑን ሲዘፍኑት “በመስኮቱ”ን ሦስቴ ብለው እግራቸውን ይመታሉ። እህትየው ዘፈኑ እንደዚያ እንዳልሆነ ያወቀችው ትምህርት ቤት ዘፍናው ክፍሉ በሙሉ የሳቀባት ቀን ነው። ቤት ገብታ፣ «ሸክላችን ውሸታም ነው» ብላ አለቀሰች።

እናትየው መርሳት ሲጀምራት መጀመሪያ የሄደው የባሏ ሞት ነው። ምሽት ምሽት ራቱን አቅርባ ትጠብቀው ጀመር። ቀጥሎ የልጅ ልጆቿ ስም ሄደ። ቀጥሎ ወንድ ልጇ ራሱ። «አንተ ልጅ፣ መሽቷል፤ እናትህ አትፈልግህም?» ትለዋለች፣ ጡረታው የደረሰውን ሰውዬ። «ትፈልገኛለች፣ እማዬ። አሁን እሄዳለሁ» ይላል።

በመጨረሻ መብላት ረሳች። ምግቡ አፏ ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ይቆያል። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ እያሽከረከረ፣ ይዋል ይደር እንጂ በቱቦ መመገቧ አይቀርም አለ።

በዚያ ሰሞን ነው ልጇ አንድ ምሽት ሌላ የሚያደርገው ጠፍቶት የመስኮቱን ሸክላ ያጫወተው። መርፌው ተቀረቀረ። እሱ ሊነሳ ሲል እናትየው ወንበሯ ላይ እንዳለች እግሯን አነሳችና ወለሉን መታች። ዘፈኑ ተሻገረ። ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ማንኪያውን አስገባ፤ ዋጠች።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ክረምት በላች። ሸክላው ይዞራል፣ ትረግጣለች፣ ትስቃለች፣ ጥቂት ማንኪያ ትውጣለች፤ መርፌው ወደ ኋላ ይመለሳል። ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ርግጫው ጣሪያዋን ሲመታው የስፌት ማሽኗን አቁማ «እማማ በሉ!» ብላ ትጮሃለች። እሱም ከላይ «በሉ!» ይላል። ከቀኑ ውስጥ ደስ የሚለው ሰዓት ያ ነበር።

እህትየው ነገሩን እንዳየች፣ «በስልክ ልቅዳው፣ ጋሼ። እኔም ጋ ስትመጣ ትብላ» ብላው ነበር።

«ስልክ ውስጥ ገብቶ ምን ሊሆን? በፌስታል እንደገባ ዓሣ?»

«የሆነ ነገር ቢሆንስ?»

«እኔ እያለሁ ምን ይሆናል?»

ነገሩ የሆነው ከከተማ ውጭ ላለ ፋብሪካ ማሽን እንዲተክል መሥሪያ ቤቱ የላከው ጊዜ ነው። እምቢ ማለት አይችልም፤ እናትየውን ብቻዋን መተውም አይችልም። እህቱ ጋ ትሰንብት ተባለ። ያለ ሸክላው አትበላም፤ ስለዚህ ሸክላውን አዋሰ። የእህቱ ቤት ወለል ሴራሚክ ነው፤ ቢረገጥ አይነጥርም። እሱን አስቦ፣ ማጫወቻው ከአንድ ጫፉ የሚቀመጥበት፣ የእናቱ እግር በሌላው ጫፍ የሚያርፍበት ረጅም ጣውላ አስቆርጦ፣ ጠርዙን ልጎ ሰጣት። ሸክላውን በሁለት ፎጣ ጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ ከተተው። በሩ ላይ ሲሰነባበቱ፣

«እንዳትቀጂው» አላት። «የአሁን ልጆች መቅጃ የሸክላውን ፊት ይበላዋል። ማይልኝ።»

«እናቴን!» አለች።

እዚያ ቤት እናትየው በላች። እህትየው ስልኳን ሁለቴ አውጥታ ሁለቴ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

የመመለሻው ቀን ታክሲ ያዘች። ጣውላው ከኋላ ወንበር እስከ ፊት ተጋድሟል፣ ማጫወቻው ጭኗ ላይ ነው፣ ከረጢቱ ከእግሯ ሥር። መንገድ ላይ እናትየው መኪናው ሳይቆም በር ልትከፍት ታገለች። ሹፌሩ ተበሳጨ፣ ጮኸ። ሲደርሱ እናቷን አወረደች፣ ማጫወቻውን አወረደች፣ ጣውላውን አወረደች። ታክሲው ሄደ።

ወንድሟ ከጉዞው ገብቶ ስትነግረው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ታርጋውን አላየሽም?» አላት አንዴ። ከዚያ ጣውላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

የታክሲ መናኸሪያዎቹን አንድ በአንድ ዞረች። ሹፌሮች «የሸክላዋ እመቤት» እያሉ መሳለቅ ጀመሩ፤ ወዲያው ደግሞ አፍረው አብረዋት ወንበር ሥር ያጎነብሳሉ። አልተገኘም። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ሄደች። በመጨረሻ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ጡረተኛ ጋ ተመሳሳዩን አገኘች። ሰውየው አልሸጥም ብሎ ደጋግሞ መለሳት። የመጨረሻው ጊዜ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አወጣላት። ታቅፋው፣ በእግሯ፣ ታክሲ ሳትይዝ ነው ወንድሟ ቤት ድረስ የመጣችው። እናትየው በእነዚያ ሳምንታት ጣቷ ቀጥኖ ቀለበቷ እየወለቀ ነበር።

እና አዲሱ ሸክላ ሲዞር እግሯን አንስታ ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

ያልሞከሩት የለም። እህትየው ሦስቴ “በመስኮቱ” እያለች ዘፈነች፤ እናትየው ዞር ብላ፣ «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» አለች። እሱ መርፌውን በጣቱ ወደ ኋላ ጎተተ፤ ሸክላው ሲያንቋርር ጆሮዋን ያዘች። የእህቱ ባል ኮምፒውተር የሚችል ሰው ፈልጎ ድምፁን አስደጋገመው። ስልኩ “በመስኮቱ፣ በመስኮቱ” እያለ ጠረጴዛው ላይ ሲጮህ እሷ የምታየው የቆመውን ማጫወቻ ነበር።

«እጭረዋለሁ» አለ ወንድሟ።

«ጋሼ፣ በናትህ! እንዴት እንዳገኘሁት ታውቃለህ?»

«ስለት መያዝ ሥራዬ ነው።»

ሸክላውን እንደዋዛ አልነካውም፤ መጀመሪያ ሌሎቹን ነካ። ከመሥሪያ ቤቱ ማጉያ መነጽርና የቀጠነ የብረት መጫሪያ አምጥቶ ከመደርደሪያው የማይወደውን አንዱን ሸክላ መረጠ። ጫረው፤ መርፌው ቀጭ ብሎ አለፈው። ሌላ አወጣ፣ አጠለቀው፤ መርፌው ለዘላለሙ ተተከለ፣ ቢረገጥም ቢደለቅም አልወጣ አለ። እንዲህ እያለ የማይወዳቸውን ጨረሰ። የሚወዳቸውን ጀመረ። ለእንግዳ ከሩቅ ብቻ የሚያሳየውን የጥሩምባ ሸክላ ጫረ። ከመጀመሪያው ደመወዙ የገዛውን ጫረ። ላስቲኮቹ ወለሉ ላይ ተከመሩ። እጁን መታጠብም ትቶ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ አገኘችው። «ጋሽ ቶርኖ፣ ሰሞኑን ርግጫው በዝቷል፤ እማማ ዳኑልኝ?»

«እኔ ነኝ» አላት።

በመጨረሻ ተሳካለት። አንድ ሸክላ ላይ መርፌው ተቀረቀረ፤ ረገጠ፤ ተሻገረ። መልሶ ሞከረው፣ ሠራ። የስለቱን አያያዝና የእጁን ጫና ሳይረሳ በዚያው ቀን እህቱ ያመጣችውን ሸክላ በማጉያው ሥር አስቀመጠ። ቦታውን አገኘና ጫረው። ብቻውን ሞከረው። ዘፋኟ “በመስኮቱ” ላይ ቆመች። ረገጠ። ተሻገረች። ቁጭ ብሎ ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ።

እሑድ እህቱ መጣች። ሾርባው ሞቀ። እናትየውን ወንበሯ ላይ አመቻችተው መርፌውን አሳረፈ።

«በመስኮቱ፣ በመስኮቱ፣ በመስኮቱ…»

የእናትየው ፊት ተፈታ። ለስንት ጊዜ ያላዩት ፊት ነው። እህትየው አፏን በመዳፏ ያዘች። እግሯ ተነሳ፤ ወለሉን መታ።

«…በመስኮቱ፣ በመስኮቱ…»

መታች። መርፌው አልተነቃነቀም። እንደገና መታች፤ ጫማዋ ወለቀ፣ ባዶው ተረከዟ የጣውላው ወለል ላይ ምንም ያህል ድምፅ አልነበረውም።

ያን ጊዜ ገባው። ጭረቱን የለካው በራሱ እግር ነው። ብረት ሲሸከም በኖረ ሰው ርግጫ። የድሮው ጭረት በእሷ እግር ዘመኑን ሁሉ ተገርቶ ለስልሶ ነበር፤ ይሄኛው አዲስ ነው፤ እሷ ደግሞ ሳትበላ ሰንብታ አጥንት ሆናለች።

«በርቺ፣ እማዬ» አለ። «አንዴ ብቻ። ጠንከር አድርገሽ።»

እናትየው እግሯን አየችው። ዘፋኟ አሁንም እዚያው መስኮት ላይ ናት።

«እምቢ አለኝ» አለች እናትየው።

«አጥፋው፣ ጋሼ!» አለች እህቱ።

አላጠፋም። ተነሳና እሱ ረገጠ። ባለ በሌለ ኃይሉ ነበር፤ ብርጭቆ ከጠረጴዛው ወደቀ፣ መርፌው ሸክላውን አቋርጦ እየፋቀ ጫፍ ድረስ ሄደ።  እናትየው ተኮማትራ ወደ ወንበሩ ጥግ ሸሸች፤ ሁለቱንም እግሮቿን ከወንበሩ ሥር ደበቀች።

ከታች የስፌት ማሽኑ ቆመ።

«እማማ በሉ!» የሚል ድምፅ መጣ።



እናትየው ከዚያ በኋላ እግሯን አላነሳችም። ሆስፒታል አስገቧት፤ በአፍንጫዋ ቱቦ ገባላት። እዚያው ሞተች። ያንን ረጅም ጣውላ ልብስ ሰፊዋ የልብስ መተኮሻ አደረገችው።