የአባቴ የርቢ ጉሬዛዎች

ከሽንዲ በላይ ባለው የደብራችን ደን ጉሬዛዎቹ መጥፋት የጀመሩት ግምገማ የሚሉት ነገር በየቀበሌው በበረታበት ዘመን ነው። የደኑ ጠባቂ አባቴ ዳኘው ነበሩ። ጥይት አልተሰማም፣ ወጥመድ አልተገኘም፣ አጥንት እንኳ ወድቆ አልታየም። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭራቸውን ከጥዱ ላይ አንጠልጥለው ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት እንስሶች አንድ አንድ እያሉ አለቁና አንዲት እናት ከነልጇ ቀረች።

ሰው ደግሞ ዝም አይልም። በስብሰባ ላይ አንዱ ብድግ ብሎ፣ «አያ ዳኘው ቆዳውን ቡሬ እየወሰዱ ለምንጣፍ ይሸጣሉ» አለ። አባቴ ሒስዎን ይዋጡ ቢባሉ፣ «ያላደረግሁትን አልውጥም» ብለው ተቀመጡ። ያንን ሰው ዛሬም ባገኘው ሰላም አልለውም። እናቴ ወለተ ሐና ገበያ በወጣች ቁጥር ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ጀመር።

እኔ ቡሬ አስተምር ነበርና ለክረምት እረፍት ስመጣ አባቴን ከስተው አገኘኋቸው። ሌባውን ካልያዝሁ ብለው ከደኑ አይወጡም። አንድ ማለዳ ቁርሳቸውን ይዤ ሄድሁ። ደኑን ጭጋግ ውጦታል፤ ጭጋጉም ከውስጡ መብራት ያለበት ይመስላል። ወፎቹ አይንጫጩም። ቀና ስል ከዛፎቹ በላይ ሰፌድ የመሰለ ክብ ነገር ያለ ድምፅ ተንሳፏል። ከሥሩ አንዲት ረጅም ሴት ቆማለች፤ እናቲቱ ጉሬዛ ልጇን እንዳቀፈች ክንዷ ላይ ተቀምጣለች። የሴትዮዋን መልክ ከዚያ ወዲህ ላስታውስ ብል እሺ አይለኝም። በሕልም ያለሁ ያህል፣ ፍርሃት የሚባል አልመጣብኝም።

አባቴ ግን ተቆጥተዋል። «ባለቤት ያለውን ሳይጠይቁ መውሰድ ምን የሚሉት ነው?»

«እኛ በሰማይ ደን አለን» አለች ሴትዮዋ። አማርኛዋ የእኛ አገር ሳይሆን የራዲዮ ነበር። «ዘራቸው ሊያልቅ የደረሰ እንስሶችን ከየዓለሙ ሰብስበን እናረባለን። ይህ ደን ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። ብንተዋቸው ያልቃሉ።»

አባቴ ዛፎቹን አዩ። ከዳር ከዳሩ ለከሰልና ለእርሻ የተመነጠረውን ያውቁታል። «እንግዲያው በርቢ ውሰጃቸው» አሏት።

ርቢ ምን እንደሆነ አላወቀችም። አስረዷት፤ ላም የሌለው የሌላውን ላም ወስዶ ያረባል፣ ላሚቱ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀራለች፣ የምትወልደውን ይካፈላሉ። ሴትዮዋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ክቡ ነገር ወደ ላይ ሲሄድ ጉሬዛዋ ቁልቁል ታየን ነበር፤ ከዚያ ጭጋጉ ተራ ጭጋግ ሆነ።

ይህ ለማን ይነገራል? እናቴ እንኳ ስነግራት ትኩሳት አለብሽ እንዴ ብላ ግንባሬን ዳሰሰች። ደኑ ባዶ ሲሆን አባቴ ከጥበቃው ተነሡ። ለቅሶ ቤት አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ሌባ የሚለው ስም ቤታችን ገብቶ አብሮን ይኖር ጀመር።

ክረምቶች አለፉ። አንድ የመስከረም ማለዳ ከአባቴ ጋር ከቅዳሴ ስንመለስ ያው የሚያበራ ጭጋግ ከመንገዱ ዳር ጠበቀን። ሴትዮዋ ሁለት ግልገል ጉሬዛዎች ይዛለች፣ ወንድና ሴት፤ ጠጉራቸው ያንጸባርቃል።

«ድርሻዎ ነው» አለቻቸው።

የአባቴ ስም ሊነጻ ነው! እነዚህን ይዘው ደጀ ሰላም ቢቆሙ የሚናገር አፍ አይኖርም። አባቴ ሴቲቱን ግልገል ተቀበሉ። ጣታቸውን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። እሳቸው ግን ወደ ደኑ ያያሉ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከቀሩት ጥቂት ጥዶች በቀር ሁሉም እርሻ ሆኗል።

«ምን ያመነታሉ አባዬ? ይቀበሏቸው እንጂ!»

«የት ላሳድራቸው ልጄ?»

«ስምዎስ?» አልሁ። እያለቀስሁ ነበር፤ ተናድጄባቸውም ነበር።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ስሜን እኔም እፈልገው ነበር» አሉ። ከዚያ የግልገሏን ጣቶች ከጣታቸው አንድ በአንድ አላቀቁና መልሰው ለሴትዮዋ ሰጧት።

አባቴ ሌባ እንደተባሉ ሞቱ።