በቋንቋ የተከፈለው እሁድ

ከኮሮና በፊት ጋምቤላ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ ነበርኩ። ፓስተሩ በአማርኛ ይሰብካል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ወደ አኙዋክኛ እመልሳለሁ። እናቴ ሁልጊዜ ከፊት ነው የምትቀመጠው። ከጎኗ በሰፈራ ዘመን ከከምባታ የመጡ አንዲት አሮጊት አይጠፉም። እናቴ አማርኛ አትችልም፣ እሳቸው አኙዋክኛ አይሰሙም። ግን አንዳቸው ከቀሩ ሌላዋ "የት ሄደች?" ብላ እኔን ታፋጥጠኛለች።

በሽታው መጣና በሩ ተዘጋ። ሲከፈት ሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ አምልኮው ተከፈለ፤ ጠዋት በአማርኛ፣ ከሰዓት በአኙዋክኛ። ለጊዜው ነው ተባለ። ማስኩ ወለቀ፣ በር ላይ የነበረው የእጅ መታጠቢያ ተነሳ፤ ክፍፍሉ ግን እንዳለ ቀጠለ። መቼ እንደምንገናኝ አንዱን የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ጠየቅኩት።

"ምን ያደክምሃል?" አለኝ። "ሁሉም በቋንቋው ይሰማል። ፕሮግራሙም አጥሯል።"

እናቴ ክረምት ላይ አረፈች። በከሰዓቱ ጉባኤ ተነገረ፤ ለጠዋቱ የነገረ አልነበረም። ስንት ዓመት አብረውን ካመለኩ ሰዎች ለቀብሯ የመጣ የለም። እኔም ሰምተው የቀሩ መስሎኝ ተቀየምኳቸው።

ከሳምንታት በኋላ አሮጊቷን ገበያ ዓሣ ሲገዙ አገኘኋቸው።

"እናትህ ደህና ናት? ጠፋችብኝ እኮ።"

"ሞታለች፣ እማማ።"

ዓሣውን እዚያው ትተው ክንዴን ያዙኝ። "እኔ ሰው አይደለሁም? እንዴት አትነግሩኝም?"

"ቤተ ክርስቲያን ተነግሯል።"

"የትኛው ቤተ ክርስቲያን?" አሉኝ እያለቀሱ።

በማግስቱ አሮጊቷ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደው ተቆጡ። ለፋሲካ አንድ ላይ እንድናመልክ ተፈቀደ፤ አስተረጎምኩ። ወጣቶቹ ግን ረዘመብን ብለው አጉረመረሙ፤ አንድ ላይ ማምለኩ በዚያው ቀረ።

አሁን አሮጊቷ አንዳንድ እሁድ ከሰዓት ይመጣሉ። ጎናቸው ተቀምጬ በጆሯቸው ልተርጉምላቸው ስል፣ "ተወው፣ ለስብከቱ አይደለም የመጣሁት" ይሉኛል።

በቅርቡ ከሌላ ከተማ የመጡ እንግዶች ቤተ ክርስቲያናችን ከበሽታው እንዴት እንዳገገመች ጠየቁ። ያ የጠየቅኩት ሽማግሌ ፈገግ ብሎ ተነሳ።

"እግዚአብሔር ይመስገን አድገናል" አለ። "ድሮ አንድ ጉባኤ ነበርን፤ አሁን ሁለት ሆነናል።"

እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔ ወጣሁ።