ደፍ የሌለው ሞገድ፦ ከጅማ እስከ ማንኪራ

ጅማ፣ ማለዳ

ከጅማ መናኸሪያ ስንነሳ እኔ ከሚኒባሱ በር አጠገብ ቆሜ ነበር። የእህቴ ልጅ ሰብለ ከኋላዬ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች፤ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ሆኖ የሰው ዕቃ ያስራል። ሊሸኘን የመጣ ሰው አልነበረም።

እህቴ ከሞተች ወዲህ ሰብለን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ፊዚክስ ተምራ ጨርሳለች፤ ለዶክትሬት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ቦንጋ ደግሞ የመምህርነት ሥራ ተገኝቶላታል። ከቦንጋ አለፍ ብሎ ማንኪራ ያሉት አባቷ ካልፈቀዱ አልሄድም ስላለች እሳቸውን ልናነጋግር ነው የተነሳነው። እኔ ቦንጋ ብትቀር እመርጥ ነበር፤ እኔ ለምኖርባት ለጅማ ቅርብ ነው። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

መንገዱ

አስፋልቱ እስከ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው አየሩ ቀዘቀዘ፤ ጫካውም እስከ መንገዱ ዳር መጣ።

"አባትሽ ምን እንደምትማሪ ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"እሱ ነው የጨነቀኝ፣ እቴቴ።"

ቦንጋ ቆጮ በጎመን በላን። ከዚያ ባጃጅ እስከሚገባበት ድረስ ሄድን፤ የቀረውን በእግር። መንገዱ ጭቃ ስለነበር እጄን ይዛ ነው ያደረሰችኝ።

ማንኪራ

አባቷን ጋሽ ወልዴን ከታናሽ ወንድማቸው ከተካ ጋር ግቢ ውስጥ አገኘናቸው። ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቅሉበትን ረጅም ገመድ ይጠግኑ ነበር። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ጋሽ ወልዴ፣ "ቦንጋ የሌለው ምን ዓይነት ትምህርት ነው?" አሉ።

ሰብለ የገመዱን አንድ ጫፍ ዛፍ ላይ አሰረችና ሌላውን ለተካ ሰጠችው።

"ቶሎ ቶሎ አወዛውዘው።"

ብዙ ትንንሽ ሞገድ ተነሳ፤ ክንዱ ደከመ።

"አሁን በቀስታ።"

"ይሄማ በአንድ ጣትም ይሆናል" አለ።

"ገመዱና ሞገዱ እየረዘሙ ሲሄዱ የሚጠይቁት ጉልበት ወደ ምንም ይጠጋል።" ቀጥላ ገመዱን እዚህም እዚያም በክር ከአጥሩ ጋር አሰረችው። "አሁንስ?"

"አሁን በቀስታም እምቢ አለ።"

"ይሄ እንደ ቤት መግቢያ ደፍ አለው። ደፉን የሚያሻግር ጉልበት ካልሰጠኸው ሞገድ አይነሳም። የቅድሙ ገመድ ግን ግራ ቢል ቀኝ ቢል ለእሱ እኩል ነበር። እንዲህ ያለውን እኩልነት ሲሜትሪ እንለዋለን፤ ደፉን የሚያጠፋው እሱ ነው።"

ክሮቹን ፈታችና ገመዱን በዛፉ ግንድ ዙሪያ አዞረችው። "አዲሱ የሲሜትሪ ዓይነት ደግሞ እንዲህ ነው። ቀለበቱን ከፍ ባደርገው፣ ዝቅ ባደርገው፣ ባላላው፣ ካልቆረጥኩት በቀር ግንዱን መክበቡን አይተውም። የድሮው ሲሜትሪ የነጥብ ነበር፤ ይሄኛው የመስመርና የቀለበት ነው። ብርሃን ደፍ የሌለው በዚህ ነው ይላሉ የፊዚክስ ሰዎች። እንደ ብርሃን ያለ ሌላስ ምን አለ? የምፈልገው እሱን ነው።"

"ገመድ ለማወዛወዝ ባሕር ማዶ?" አለ ተካ። "ለእኔ ብትነግሪኝ በነጻ አስተምርሽ ነበር።"

ሳቅን። ጋሽ ወልዴ አልሳቁም።

"ካወቅሽው በኋላ ምን ይሠራል?"

"አላውቅም፣ አባዬ። ምንም ላይሠራ ይችላል።"

"ቦንጋ ተቀምጠሽ አታስቢውም?"

"አስበዋለሁ። ስሳሳት ግን የሚያርመኝ የለም።"

 ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ ዞሩ።

"እትዬ ዘነበች፣ በእኛ ቤት ስለ ልጅ መጀመሪያ የሚናገረው ያሳደገ ነው። እኔ ወለድኩ፤ ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። ትቅር ካሉ ትቀራለች፤ ትሂድ ካሉ እኔ እመርቃለሁ።"

እኔ የሄድኩት አብሬ ልሰማ እንጂ ልወስን አልነበረም። ሰብለ ጎንበስ ብላ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ውሃ ጠይቄ ጠጣሁ።

"ትሂድ" አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ተነሥተው መረቋት።

መመለስ

ስለ ሞገዱ የገባኝ ከላይ የጻፍኩት ያህል ነው። ለአባቷ እውነቱን ተናግራ "አላውቅም" ባትል ኖሮ እኔም ትሂድ የምል አይመስለኝም።

ሰብለ የጉዞዋ ቀን እስኪደርስ አባቷ ዘንድ እንድትቆይ ተስማማን። በማግስቱ እስከ ቦንጋ መናኸሪያ ሸኘችኝ።

"እቴቴ፣ እንድቀር ፈልገሽ ነበር?"

"ፈልጌ ነበር" አልኳት።

ሚኒባሱ ሞልቶ እኔን ይጠብቅ ነበር። ገባሁ፤ ሄድን።